በኬንያ የመርሳት በሽታና ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና በጎ ፈቃደኞች

ኬንያ ውስጥ ከሐኪም ቀድመው የሰው በር የሚያንኳኩ የማኅበረሰብ ጤና በጎ ፈቃደኞች አሉ። በፈረንጆቹ 2023 መጠሪያቸው ተቀየረ፣ አበልም ተወሰነላቸው። በዚያው መስከረም 100,000 ለሚሆኑት የሥራ ቦርሳ ታደለ። አንዱ ሰው 100 ያህል ቤተሰብ ይከታተላል። የእኛዎቹን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቢያስቡ ብዙም አይርቁም። የእኛዎቹ ግን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አንስቶ ደሞዝተኛ ናቸው።

የኬንያዎቹ ሥራ በአብዛኛው እናቶችና ሕፃናት ላይ ነበር። አሁን አረጋውያንም እየበዙ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 ከመርሳት በሽታ ጋር የሚኖሩት 57 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ። ከ60 በመቶ በላዩ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ነው ያለው። ከናይሮቢ ደቡብ ምሥራቅ ባለችው ማኩዌኒ በጎ ፈቃደኞቹ በአጭር መጠይቅ ምልክቱን ከቤት እንዲለዩ የማሠልጠን ሥራ ተሠርቷል።

ሥልጠናው ከስም ቢጀምር ጥሩ ነው። እኛ «ጃጁ» እንላለን፤ «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። ኬንያ ውስጥ የባሰ አለ። በባሕር ዳርቻዋ ኪሊፊ «ጠንቋይ ናቸው» ተብለው የተገደሉ አረጋውያን አሉ። በእንዲህ ያለ ሰፈር ሌሊት የሚወጡ፣ ብቻቸውን የሚያወሩ ሽማግሌ ምን እንደሚጠብቃቸው መገመት አይከብድም። ስለዚህ «ይህ የአንጎል በሽታ ነው» ማለቱ ብቻውን ሕይወት ሊያድን ይችላል።

በጎ ፈቃደኛው በሽታውን አይወስንም። ይጠይቃል፣ ያያል፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል። ወጥ ጥደው ረስተው ያውቃሉ? የለመዱት መንገድ ጠፍቷቸው ያውቃል? ግራ መጋባቱ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ከመጣ ግን መዘግየት አያስፈልግም። ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውሃ ማነስ ወይም የወሰዱት መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ይታከማል። ቦርሳው ውስጥ ያለው የደም ግፊት መለኪያም እዚህ ዋጋ አለው፤ ያልታከመ ግፊት ለመርሳት በሽታ ያጋልጣልና።

ትልቁ ትምህርት አነጋገር ነው። ከኋላ አይመጡም፤ ከፊት ቀርበው፣ ዝቅ ብለው፣ ስም ጠርተው ሰላም ይላሉ። አንድ ጥያቄ ጠይቀው መልሱን ይጠብቃሉ። አንዲት እናት የሞቱትን ባላቸውን «እስካሁን ምነው ቀሩ?» እያሉ በር በሩን ያያሉ እንበል። «ከሞቱ እኮ ቆዩ!» ማለት በየቀኑ አዲስ መርዶ መንገር ነው። «እስቲ ስለ እሳቸው ያጫውቱኝ» ሲባሉ ግን ፊታቸው ይፈታል፤ ሻይ እስኪቀርብ ጨዋታው ይቀጥላል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ከጓዳ ያለችው ልጅ ናት። ማስታመሙ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሴት ልጅ ወይም ምራት ላይ ነው። እሷ እንቅልፍ ካጣች፣ ከተማረረች፣ እናቲቱም ይጎዳሉ። ስለዚህ ጥሩ የሠለጠነ ሰው ታማሚዋን አይቶ ብቻ አይወጣም። «አንቺስ ሌሊት ተኝተሻል?» ይላታል። ከዚያ ጎረቤት ይጠራል፤ ገበያ ደርሳ እስክትመለስ ማን ከእናቷ ጋር እንደሚቀመጥ እዚያው ይነጋገራሉ።