የዲስክ የመጨረሻ ውፍረት ምንድን ነው? ለአረጀ መኪና የፍሬን ሸራና ዲስክ ሲመረጥ

የፊት ጎማ ተፈትቶ ከጎማው ጋር የሚዞረው፣ ሸራው ከሁለት ወገን እየጨበጠ የሚያቆመው የፍሬን ዲስክ ሲታይ፣ በጠርዙ ወይም ብሎኖቹ በሚያልፉበት መሐለኛ ክፍሉ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በዝገትና በጭቃ የተሸፈነ አጭር ጽሑፍ ይገኛል። በሽቦ ብሩሽ ሲጸዳ «ሚን ቲኤች» (MIN TH) የሚሉ የላቲን ፊደላትና ከእነርሱ ቀጥሎ በሚሊ ሜትር የተሰጠ ቁጥር ይነበባል። ይህ ቁጥር የዲስኩ የመጨረሻ ውፍረት ነው። ዲስኩ በአገልግሎት ተበልቶም ሆነ ብረት በሚልጠው ማሽን፣ በቶርኖ፣ ተልጦ ከዚህ መጠን በታች ከሳሳ፣ መልኩ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ አምራቹ መኪና ለማቆም ይበቃል ብሎ አይቀበለውም።

በጅማ ጋራዦች በር ላይ የሚሰማው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ባለመኪናው «ሸራው ስንት ነው?» ይላል፣ ሸራው ይቀየርለታል፣ ሂሳቡን ከፍሎ ይሄዳል፤ ሸራው ስለሚያርፍበት ብረት የሚጠይቅ እምብዛም የለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያሉት መኪኖች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ እንዲያገለግሉን የግድ ሆኗል። ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ መኪና ሸራው ብዙ ጊዜ ተቀይሮለታል፤ ዲስኩ ግን ስንት ጊዜ እንደተላጠ የሚያውቅ ባለቤት ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ምርጫው መጀመር ያለበት ከሱቅ ሳይሆን ከዚያ ከዛገው ቁጥር ነው ብዬ አምናለሁ።

በአዲስ ዲስክና በመጨረሻው ውፍረት መካከል ያለው ልዩነት በብዙ ቀላል መኪኖች 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አዲስ ሳለ 22 ሚሊ ሜትር የነበረ ዲስክ 20 ሲደርስ ይጣላል። ይህ ለሰሚው ማጋነን ይመስላል። ሆኖም የፊት ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ብረት አይደለም፤ ሁለት ሳህኖች በመካከላቸው አየር እንዲተላለፍ ክፍተት ተትቶ የተያያዙበት ነው። ክፍተቱ ለምሳሌ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለሁለቱ ሳህኖች የሚቀረው 14 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚህ 2 ሲነሣ ሙቀትን ከሚሸከመው ብረት ሰባት እጅ አንዱ ሄደ ማለት ነው።

የብረቱ መጠን የሚያሳስበው ፍሬን በመሠረቱ ሩጫን ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ስለሆነ ነው። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሙሉ በሙሉ ሲቆም 300 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይፈጠራል፤ ፍጥነቱ 40 ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ የዚህ ሩብ ብቻ ይሆን ነበር። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ደግሞ ወደ እኩሌታው ላይ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፣ ድልድዩን ተሻግሮም ወደ ወልቂጤ ይወጣል። ያው መኪና ለስሌት ያህል 700 ሜትር ከፍታ ወረደ ብንል የሚለቀቀው ኃይል ከ8,000 ኪሎ ጁል በላይ ነው፤ ይህም በ80 ፍጥነት ወደ ሃያ ሰባት ጊዜ ያህል በተከታታይ ከመቆም ጋር የሚተካከል ሲሆን፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፋል። አየሩና ጎማው ከፊሉን ይወስዳሉ፤ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩም ብዙውን ይሸከማል፤ የቀረው ሁሉ የሚያርፈው በዲስኩ ላይ፣ በተለይም ከማቆሙ ሥራ የሚበዛውን በሚሠሩት በፊት ዲስኮች ላይ ነው። ስስ ዲስክ ይህን ሙቀት የሚያከማችበት ብረት ስለሚያንሰው ቶሎ ይግላል፣ ግለቱንም ወደ ሸራውና ወደ ፍሬን ዘይቱ ያሳልፋል።

በእንዲህ ያለ ቁልቁለት አደጋ ሲደርስ «ፍሬን በጠሰ» እንላለን። አንዳንዴ በእርግጥ ቱቦ ተቀዶ ወይም ዘይት ፈስሶ ይሆናል፤ ሌላ ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም። ሸራው ከመጠን በላይ ግሎ መያዝ አቅቶታል፣ ወይም የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገብቷል፤ መኪናው ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ፍሬኑ እንደ ደህና ሆኖ ይገኛል። በቁጥር ሦስት (ዶት 3) የሚታወቀው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሲየስ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቅበታል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዘይቱ በተፈጥሮው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት አገር ሁለት ዓመት ያለፈውን ዘይት ሳይቀይሩ አዲስ ዲስክና ሸራ መግጠም ሥራውን በከፊል መተው ነው።

ስስ ዲስክ ሌላም ጣጣ አለው። ሸራውም ዲስኩም አብረው ሲያልቁ የካሊፐሩ (ሸራዎቹን አቅፎ በዲስኩ ላይ የሚጫናቸው ክፍል) ፒስተን ሸራውን ለማድረስ ከታሰበለት በላይ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ ፒስተኑን ለቆ ዘይት ሊያፈስ ይችላል።

ቶርኖን በጠቅላላው አልቃወምም። ገጹ የተቦረቦረ፣ ነገር ግን ገና ወፍራም የሆነ ዲስክ በጥንቃቄ ቢላጥ መልካም ነው። ጥያቄው ከተላጠ በኋላ ስንት ይቀራል የሚለው ነው፤ ምክንያቱም የሚቀረው ውፍረት ዛሬ ከመጨረሻው ቁጥር በላይ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ አዲሱ ሸራ እስኪያልቅ ድረስ የሚበላውንም መቻል አለበት። እኔ ራሴ ይህን ሳልጠይቅ ለሁለተኛ ጊዜ የተላጠ ዲስክ ከአንድ ጋራዥ ተረክቤ፣ ቤተሰቤን አሳፍሬ ጊቤን ስወርድ ፔዳሉ እግሬን ይመታኝ፣ መሪውም ይንቀጠቀጥ ጀመር። መንገድ ዳር ቆሜ እስኪበርድ ጠበቅሁና በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ወረድሁ። ኋላ ሲለካ 20 የተጻፈበት ዲስክ 19 ሚሊ ሜትር እንኳ አልሞላም። ልጆቼን በዚያ ዲስክ ላይ ይዤ መውጣቴን ሳስበው ዛሬም ይከብደኛል፤ ይህን የምጽፈውም ሌላው እንዲጠይቅ ነው።

ልኬቱ ቀላል ቢሆንም አንድ ወጥመድ አለበት። ሸራው የማይደርስበት የዲስኩ የውጭ ጠርዝ ስለማይበላ እንደ ከንፈር ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ዝገትም ይጨምርበታል። ተራ መለኪያ ከጠርዙ ገብቶ ሲነክስ የሚያነበው ያንን ከንፈር እንጂ የተበላውን ገጽ አይደለም፣ ስለዚህም ያለቀው ዲስክ ደህና መስሎ ይታያል። ማይክሮሜትር ያለው ባለሙያ ወደ ውስጥ ገብቶ በዙሪያው ስድስት ወይም ስምንት ቦታ ይለካል፤ ተራ መለኪያ ብቻ ካለ በሁለቱም ገጽ አንድ አንድ ሳንቲም አስደግፎ መለካትና የሳንቲሞቹን ውፍረት መቀነስ ይቻላል። የሚወሰደው ከሁሉ ያነሰው ልኬት ነው።

ብዙዎች «ዲስኩ ተጣመመ» የሚሉት መንቀጥቀጥም ከውፍረት ጋር የተያያዘ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ በዙሪያው እኩል አለመወፈሩ ወይም የሸራ ቅሪት በአንዳንድ ቦታ ተለጥፎ መቅረቱ ነው። አዲስ ዲስክ በዛገ ሞዞ (ዲስኩና ጎማው በሚታሰሩበት መሐል) ላይ ሲቀመጥም ያው ችግር ይጀምራል። በብዙ መኪኖች ዲስኩ ሲሽከረከር ወዲያና ወዲህ እንዲል የሚፈቀድለት 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከአንዲት የራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ከዲስኩ ጀርባ የቀረች ትንሽ ዝገት ይህን ታልፋለች። ስለዚህ አዲሱ ከመግባቱ በፊት ሞዞው በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ ብረቱ መታየት አለበት፣ የጎማው ዳዶዎችም በመስቀለኛ ተራ በእኩል ኃይል መጥበቅ አለባቸው።

ዲስክ ሲገዛ የመኪናው ስም ብቻ አያስተማምንም። በአንድ ስም የሚጠሩ ኮሮላዎች እንኳ እንደ ሞተራቸውና መጀመሪያ እንደተሸጡበት ገበያ የተለያየ ዲስክ ይኖራቸዋል። የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ መሄድ፣ ከተቻለም አሮጌውን ዲስክ ተሸክሞ ስፋቱን፣ ውፍረቱን፣ የመሐለኛውን ቀዳዳና የመሐሉን ከፍታ ከአዲሱ ጋር ማመሳከር ይሻላል። ያገለገለ ዲስክ መግዛትን አልመክርም፤ የሌላ ሰው ያለቀ ዕድሜ ነውና። ውድ የሆኑት ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ዲስኮች ለተራ መኪና አያስፈልጉም፣ ጭቃም ይሞላቸዋል። የቀኝና የግራው አብረው ይቀየራሉ፣ ሸራውም ከእነርሱ ጋር፤ አሮጌ ሸራ የአሮጌውን ዲስክ ጎድጓዳ ቅርጽ ይዟልና በአዲሱ ላይ በከፊል ብቻ ይቀመጣል።

ሸራን በሚመለከት ሦስት ዓይነት ተለይቶ ይታወቃል። ከጭረትና ከሙጫ የተሠራው ለስላሳ ሸራ ድምፅ የለውም፣ ዲስክም እምብዛም አይበላም፣ ግን ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ይሰንፋል። የብረት ጭረት የበዛበት ሙቀትን በደንብ ይችላል፤ በምላሹ ይጮኻል፣ ዲስኩንም ፈጥኖ ይበላል። ሴራሚክ የሚባለው ጸጥ ያለና አቧራው ትንሽ ሲሆን በዋጋ ይበልጣል። በእኔ አስተያየት እዚሁ ጅማ ውስጥ ከመርካቶ ወደ ጅሬን፣ ከቤት ወደ ሥራ ለሚመላለስ ሰው ለስላሳው ወይም ሴራሚኩ ይበቃዋል፤ በየወሩ ጭነት ይዞ ጊቤን ለሚወርድ ግን ጩኸቱን ታግሦ ብረት ያለበትን ቢያስገባ ይሻላል፣ ዲስኩ ገና ወፍራም እስከሆነ ድረስ።

ካርቶኑ የሚለውን ሳይሆን በሸራው ጀርባ ወይም ጠርዝ ላይ የታተመውን ማንበብ ይገባል። በአሜሪካ ሥርዓት የሚሠሩ ሸራዎች በመለያቸው መጨረሻ ሁለት ፊደል አላቸው፤ የመጀመሪያው ሸራው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ሁለተኛው ከጋለ በኋላ ያለውን የመያዝ ኃይል ያሳያል። «ኢ» (E) ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» (F) እስከ 0.45፣ «ጂ» (G) እስከ 0.55 ያለውን ይወክላል። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ካነሰ ሸራው ሲግል እንደሚሰንፍ ራሱ ይናገራል። የአውሮፓው መለያ በክብ ውስጥ ያለ «ኢ» (E) ፊደልና «90 አር» (90R) የሚል ቁጥር ሲሆን፣ ሸራው ተፈትሾ ከመኪናው ዋና ሸራ ከ15 በመቶ በላይ እንደማይለይ ያመለክታል። አንዳችም መለያ የሌለበትን ሸራ፣ ዋጋው ቢያጓጓም፣ ለፊት ጎማ አልገዛም።

በአረጀ መኪና ከዕቃው ይልቅ የሚያስቸግረው የካሊፐሩ ተንሸራታች ዘንግ ነው። ጎሚኒው ሲቀደድ ጭቃና ውሃ ገብቶ ያዝገዋል፣ ካሊፐሩም በአንድ ወገን ብቻ ይጫናል። የወጡት ሁለት ሸራዎች አንዱ አልቆ ሌላው ወፍራም ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ዘንጎቹ ተጠርገው ሙቀት በሚችል ግሪስ ሳይቀቡ አዲሱን መግጠም ያንኑ ብልሽት መድገም ይሆናል። አቧራውን በኮምፕሬሰር አየር ማራገፍም መቅረት አለበት፤ በቆዩ ሸራዎች ውስጥ ሳንባን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላልና፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ይህን የሚተነፍሱት በየቀኑ ጋራዥ የሚውሉት ወጣቶች ናቸው።

ከተገጠመ በኋላ ሸራውና ዲስኩ እስኪለማመዱ ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ትራፊክ በሌለበት ሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 ገደማ፣ ሳያቆሙና ፍሬኑን በኃይል ሳይረግጡ በለስላሳው እየቀነሱ፣ በየመካከሉም እያቀዘቀዙ ሃያ ጊዜ ያህል መደጋገም ይበቃል። በመጀመሪያው 200 ኪሎ ሜትር ጊቤን ባይወርዱበት ይመረጣል። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይፈተሹ፣ የአዲሱ ዲስክ ልኬትም ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር በወረቀት ተጽፎ ከመኪናው ሰነድ ጋር ይቀመጥ፤ ሸራው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድና ጎማው ዳግም ሲፈታ ዲስኩ ምን ያህል እንደተበላ ከዚያ ወረቀት ይታወቃል።