የሕዋስ ሽፋን ፕሮቲኖች፦ አሠራራቸውና ሥራቸው፣ በሐረርና በአካባቢዋ ምሳሌዎች

የሕዋስ ሽፋን ፕሮቲኖች ሕዋስን በከበበው ስስ የስብ ንጣፍ ውስጥ የተሰኩ ወይም በላዩ የተለጠፉ ፕሮቲኖች ናቸው። ንጣፉ ድርብ ሲሆን ውሃ የማይወደው መሃሉ 3 ናኖሜትር ያህል ይወፍራል። ይህን የሚያቋርጠው የፕሮቲን ክፍል አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጥቅል ሽቦ የተጠማዘዙ 20 ያህል አሚኖ አሲዶች አሉት፤ በጣም ካጠረ ማዶ አይደርስም። ፕሮቲኖቹ በንጣፉ ላይ እንደሚንሸራተቱ ሳይንቲስቶቹ ሲንገርና ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1972 አስረድተዋል።

በር ናቸው ይባላል፤ በር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ቻናል እንደ ጀጎል በር ነው፤ ሲከፈት ውስጥና ውጭ ይገናኛሉ፣ በሰከንድ ሚሊዮኖች አዮኖች (እንደ ሶዲየም ያሉ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አቶሞች) ያልፋሉ። አጓጓዥ ግን በአንዱ ወገን ሳይዘጋ በሌላው አይከፈትም፤ ስለዚህ እጅግ ቀርፋፋ ነው። የሶዲየምና ፖታሲየም ፓምፕ ደግሞ ኃይል እያወጣ በአንድ ኤቲፒ (የሕዋስ የኃይል ሞለኪውል) 3 ሶዲየም አስወጥቶ 2 ፖታሲየም ያስገባል። በሕዋስ ውስጥ ሶዲየም የሚያንሰው በዚህ ነው፤ ሌሎች አጓጓዦችም ይህንኑ ልዩነት ተጠቅመው ይሠራሉ።

ከእነሱ አንዱ በትንሹ አንጀት ያለው ኤስጂኤልቲ 1 ነው፤ 1 ግሉኮስን ከ2 ሶዲየም ጋር ያስገባል፣ ውሃም ይከተላል። የኮሌራ መርዝ የክሎራይድ ቻናልን ክፍት አድርጎ ውሃን ሲያስወጣ ይህን አጓጓዥ አይነካም። ኦ.አር.ኤስ የሚባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚሠራው በዚህ ክፍተት ነው። በአሁኑ ቀመር ለ1 ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ይገባል። የ1 ሊትሩን እሽግ በግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ መበጥበጥ የተለመደ ስህተት ነው፤ የወፈረ ፈሳሽ ውሃን ወደ አንጀት ይስባል፣ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየምም ያበዛል። ፕላስቲኩን ሁለት ጊዜ ሞልቶ በጆግ መበጥበጥ ይገባል። ስኳር አይጨመርበትም፤ ከ24 ሰዓት በኋላም ይደፋል። ለስላሳ መጠጥ ስኳሩ በዝቶ ጨው ስለሚጎድለው በምትኩ አይሆንም።

ለሐረርጌ ሰው ቅርብ የሆነው ግን ጫት ነው። በነርቭ ጫፍ ሽፋን ላይ፣ የተረጨውን ዶፓሚን (የነርቭ መልእክተኛ ኬሚካል) መልሶ የሚሰበስብ አጓጓዥ አለ። የጫቱ አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን በዚያው አጓጓዥ ገብቶ ሥራውን ይገለብጠዋል፤ ሰብሳቢው በታኝ ይሆናል። ምርቃና የሚባለው በአብዛኛው ይኸው ነው። ሌላው የነርቭ መልእክተኛ ኖራድሬናሊንም አብሮ ስለሚበዛ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይወጣል። ቅጠሉ በደረቀ መጠን ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ የአወዳይ ነጋዴ ጫቱን በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ ለመኪና የሚጣደፈው ለዚህ ነው። ሱስ ስለማስያዙ ክርክሩ አላለቀም፤ የበርጫ ወዳጆች «ልማድ ነው» ይላሉ፣ ሲተው የሚመጣው ድብርት ግን ሌላ ይናገራል።

የሐረር ቡና፣ ዓለም የሚያውቀው ቡናችን፣ የሚያነቃው በሌላ መንገድ ነው። ሽፋኑን ሰባት ጊዜ በሚያቋርጠው የአዴኖሲን ተቀባይ ላይ ካፌይን ይቀመጥና ድካምን የሚያበስረው አዴኖሲን ቦታ ያጣል።

ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነትም ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው በዋናነት ደፊ የተባለውን የሽፋን ፕሮቲን ይዞ ነው። በምዕራብ አፍሪካ አብዛኛው ሰው በቀይ ደም ሕዋሱ ላይ ይህ ፕሮቲን ስለሌለው ቫይቫክስ እምብዛም አይታይም፤ በኢትዮጵያ ያላቸው ብዙ ናቸው። ፕሮቲኑ በሌላቸው ሰዎችም ላይ በሽታው በኢትዮጵያ ተገኝቷል።