ቲቲፒ፦ የጤና ተማሪ ከመመረቁ በፊት የሚያልፍበት የቡድን ሥልጠና

ጤና ትምህርት ክፍል የገባ ፍሬሽ ከሲኒየሮቹ ቶሎ ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ «ቲቲፒ» ነው። ሲተነተን ቲም ትሬኒንግ ፕሮግራም፣ በአማርኛ የቡድን ሥልጠና ይሆናል። ወደ መመረቂያው የተጠጉ ተማሪዎች ከተለያዩ ትምህርት ክፍሎች ተውጣጥተው አንድ ጤና ጣቢያ ላይ ይመደባሉ፤ ለሳምንታትም አብረው ይሠራሉ። እንደማንኛውም ኮርስ ውጤት አለው። ሳይወስዱት መመረቅ የለም።

ነገሩ የጀመረው ጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ያለውን የደምቢያን ሜዳ ወባ ፈጀው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 7,000 ገደማ ነው። የሞት መዝገብ በሌለበት ዘመን የተሰጠ ስለሆነ በግምት መያዙ ይሻላል። በዓመቱ፣ በ1954፣ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ እርዳታ ጋር ሆኖ የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከፈተ።

ያኔ በአገሩ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። ሐኪም እስኪበዛ ደግሞ በሽታ አይጠብቅም። ስለዚህ ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ማውጣት ጀመረ። ጤና መኮንኑ ያክማል፣ ጤና ጣቢያውንም ይመራል። የማኅበረሰብ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች። ሳኒተሪያኑ ውኃውንና ሽንት ቤቱን ይይዛል። ብልሃቱ ሦስቱን ለየብቻ አስተምሮ አለመበተኑ ላይ ነው። ነገ አብረው የሚሠሩ ዛሬ አብረው ይልመዱ ተባለና በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ተላኩ። ከቀደሙት የማሠልጠኛ ጣቢያዎች አንዱ ቆላ ድባ ነው፤ ወባው በፈጀው በዚያው በደምቢያ።

በደርግ ዘመን የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋርጦ ለዓመታት ቆየ፤ በኋላ ተመለሰ።

ጅማም የራሱ ታሪክ አለው። በ1983 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጤና ሳይንስ ተቋም ተማሪውን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ወደ ኅብረተሰቡ ያወጣል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ መፈክርም «እኛ በኅብረተሰቡ ውስጥ ነን» የሚል ነው። ሐሳቡን ይበልጥ ያሰፋው ጅማ ነው የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ቀዳሚው ግን ጎንደር ነው።

የቲቲፒ ሥራ የሚጀምረው ቤት ለቤት በመዞር ነው። መጠይቅ ይዞ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ሽንት ቤት አላችሁ?» ሲባል አብዛኛው ሰው «አለን» ይላል። እንግዳን ማሳፈር ደስ አይልማ። ስለዚህ በትሕትና አስፈቅዶ ጓሮ ማየት ነው። ወደ ጉድጓዱ የሚወስደው መንገድ ሣር ከበቀለበት፣ ሽንት ቤቱ አለ እንጂ ማንም አይገባበትም።

መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ችግሮች በአምስት መመዘኛ ይደረደራሉ፦ ስፋቱ፣ ክብደቱ፣ በእጅ ባለ አቅም መፈታቱ፣ ሕዝቡ ምን ያህል እንደሚያሳስበው፣ መንግሥት ምን ያህል ትኩረት እንደሰጠው። እያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ያገኛል። ክርክሩ የሚጦፈው እዚህ ነው። ነርሷ ቅድመ ወሊድ ክትትል ትላለች፣ የላብራቶሪው ተማሪ ልቡ ያለው የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ ላይ ነው፣ የአካባቢ ጤናው ምንጩን እናጎልብት ይላል። ነጥቡ ተደምሮ ከላይ የመጣው ላይ ሁሉም ይዘምታል፤ ጉድጓድ ከሆነ አካፋ መያዝ አለ። ጎን ለጎን ጤና ጣቢያው ውስጥ ተረኛ ሆኖ ማከም አይቀርም።



መጨረሻ ላይ ቡድኑ ሪፖርት ጽፎ በመምህራን ፊት ያቀርባል። ከሪፖርቱ አንድ ቅጂ ለጤና ጣቢያው ይተዋል። ቀጣዩ ባች ሲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ያንን ቅጂ ነው።