ሾተላይና የመከላከያ መርፌው በድሬዳዋና በሐረር

በሕክምና ሾተላይ የሚባለው የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ (በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ዲ የተባለው ምልክት የሌለው)፣ የፅንሱ ደግሞ አርኤች ፖዘቲቭ (ምልክቱ ያለው) ሲሆን የእናትየው ሰውነት የልጁን ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠፋበት ሁኔታ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ በሰላም ይወለዳል። የእናትና የልጅ ደም በብዛት የሚነካካው እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ስለሆነ፣ ሰውነቷ የልጁን የደም ሕዋስ ለማጥቃት የሚያዘጋጀው ፀረ ደም የሚደርሰው ለቀጣዩ እርግዝና ነው። ቀጣዩ ልጅ በደም ማነስ ሆድ ውስጥ አብጦ ሊሞት፣ ወይም ተወልዶ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ሊሆን ይችላል። ቢጫነቱ ካልታከመ ወደ አንጎል ዘልቆ መስማትንና እንቅስቃሴን ይጎዳል።

ሁሉም ተከታታይ የልጅ ሞት ግን ሾተላይ አይደለም። ቂጥኝ፣ ስኳር፣ የደም ግፊትና የማህፀን ችግርም ልጅ ያሳጣሉ። እናትየው ኦ፣ ልጁ ኤ ወይም ቢ ሲሆን የሚመጣው ቢጫነትም ሌላ ነው፤ እዚህ የሚነገርለት መርፌ ለእሱ አይሠራም።

መርፌው አንቲ ዲ ይባላል። ክትባት ብለው የሚጠሩት ቢኖሩም ሰውነትን አስተምሮ አያልፍም። ከሰው ፕላዝማ (ከደም ፈሳሽ ክፍል) የተጣራ ፀረ ደም ሆኖ፣ ወደ እናት ደም የገቡትን የልጁን ሕዋሳት ሰውነቷ ሳያውቃቸው በፊት ያስወግዳል። በዚህም የተነሳ ሥራው የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ በየእርግዝናው መደገም አለበት። እናትየው የራሷን ፀረ ደም አንዴ ካበጀች በኋላ ደግሞ ምንም አይጠቅማትም። መርፌው በጊዜው መሰጠት ያለበት ለዚህ ነው። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ለአገልግሎት የተፈቀደ ሲሆን እስከ ዛሬ የሚገኘው ከደም ለጋሾች ነው። አውስትራሊያዊው ጄምስ ሃሪሰን እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ 1,173 ጊዜ የለገሱት ፕላዝማ ለዚሁ መርፌ ውሏል። በፋብሪካ እንደልብ የሚመረት ስላልሆነ ዋጋው ከፍ ይላል፤ አልፎ አልፎም ከገበያ ይጠፋል።

የደም ዓይነትን ቀድሞ ማወቅ

በሁለቱም ከተሞች የደም ዓይነት የሚታየው በመጀመሪያው የቅድመ ወሊድ ክትትል ነው፤ ምርመራው በጤና ጣቢያ ደረጃም ይሠራል። ውጤቱ ኔጌቲቭ የሆነባት ነፍሰ ጡር በድሬዳዋ ወደ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ወይም ወደ ሳቢያን ሆስፒታል፣ በሐረር ወደ ሕይወት ፋና ስፔሻላይዝድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ወደ ጁገል ሆስፒታል ብትላክ ይመረጣል። ከዋሂልና ከቢዮ አዋሌ ወይም ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር ለምትመጣ እናት መንገዱ ራሱ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ውጤቱ በክትትል ካርዷ ላይ በጉልህ መጻፉና ለባሏም መነገሩ ትልቅ ነገር ነው። ካርዱ ቤት ቀርቶ እናቲቱ ምጥ ይዟት ስትመጣ፣ ያንን ውጤት እንደገና መፈለግ ሰዓት ይበላል።

ምርመራው ቀላል ቢመስልም ይሳሳታል። የደም ጠብታ በመስታወት ላይ አንቲ ዲ ካለበት የመመርመሪያ ፈሳሽ ጋር ተደባልቆ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መነበብ አለበት። ከዚያ ከዘገየ ጠብታው ሲደርቅ እንደ ፖዘቲቭ ደም የተቋጠረ መስሎ ኔጌቲቩ ፖዘቲቭ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የመመርመሪያ ፈሳሹ ከማቀዝቀዣ ውጭ ሲውል ይደክማል፤ ያኔ ስሕተቱ ወደ ተቃራኒው ይሆናል። ደካማ ዲ ያላቸው፣ ማለትም የዲ ምልክቱ በጣም ጥቂት የሆነባቸው ሰዎችም በመስታወት ላይ ኔጌቲቭ ይመስላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ውጤት በሁለተኛ ናሙና፣ ቢቻል በቱቦ ዘዴ ቢረጋገጥ ጥሩ ነው። አንዲት እናት ደም ለግሳ «ፖዘቲቭ» ተብላ፣ ሆስፒታል ስትሄድ «ኔጌቲቭ» ብትባል ሁለቱንም ወረቀት ለሐኪሟ ታሳይ። በደም ባንክ ደካማ ዲ ያለው ለጋሽ ፖዘቲቭ ተብሎ ይመዘገባል፤ ያው ሰው ደም ተቀባይ ወይም ነፍሰ ጡር ስትሆን ግን እንደ ኔጌቲቭ ልትታይ ትችላለች።

ቀጥሎ የሚታየው ኢንዳይሬክት ኩምብስ የሚባለው ምርመራ ነው። ይህ እናትየው ቀድሞውኑ ፀረ ደም እንዳበጀችና እንዳላበጀች ያሳያል። ኩምብሱ ኔጌቲቭ ከሆነ መርፌው ይጠቅማታል። በ28ኛው ሳምንት፣ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ይደገማል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ማለትም መርፌው ተሰጥቶ ደሙ በኋላ ሲወሰድ፣ ኩምብሱ በመርፌው ምክንያት ትንሽ ፖዘቲቭ ይሆንና ቤተሰቡንም ሐኪሙንም በከንቱ ያስደነግጣል። መርፌው የተሰጠበት ቀን ካርዱ ላይ ካልተጻፈም የሚቀጥለው ላቦራቶሪ በተመሳሳይ መንገድ ይሳሳታል።

ባልም ይመረመራል። እሱም ኔጌቲቭ ከሆነ ልጁ ኔጌቲቭ ስለሚሆን መርፌ አያስፈልግም። ነገር ግን ይህ የሚሠራው የልጁ አባት በእርግጥ እሱ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለእናቲቱ ለብቻዋ፣ አማትም ባልም በሌሉበት መቅረብ ይገባዋል። ጥርጣሬ ካለ መርፌውን መስጠት ይሻላል።

በእርግዝና ወቅት

የተለመደው መጠን 300 ማይክሮ ግራም ነው፤ ይህ 1,500 ዓለም አቀፍ ዩኒት ማለት ነው። በብዙ አገሮች መርፌው በ28ኛው ሳምንትና ከወሊድ በኋላ ይሰጣል። ከወሊድ በኋላ ብቻ ሲሰጥ ከመቶ እናቶች አንድ ወይም ሁለት ገደማ ፀረ ደም ያበጃሉ። የ28ኛው ሳምንት ሲጨመር ቁጥሩ ከሺህ እናቶች ሁለት ወደ መሆን ገደማ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 የክትትል መመሪያው በእርግዝና ወቅት ለሁሉም መስጠትን ለጥናት ብቻ አስቀምጦታል። ከወሊድ በኋላ ስለሚሰጠው ግን ክርክር የለም። አቅሙ ለአንድ መርፌ ብቻ የሆነ ቤተሰብ ለወሊዱ ይያዘው፤ ይህ የብዙ አዋላጆችም ምክር ነው፤ ትክክልም ነው።

ከተያዘለት ጊዜ ውጭ መርፌው የሚያስፈልግባቸው አጋጣሚዎች አሉ። በእርግዝና ጊዜ ደም መፍሰስ፣ በሆድ ላይ መውደቅ ወይም መመታት፣ የባጃጅ አደጋ፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝና፣ ልጁ ሆድ ውስጥ ሲሞት፣ ሐኪም የተገለበጠ ፅንስን በእጅ ሲያዞር፣ የእንሽርት ውሃ በመርፌ ሲወሰድ። ውርጃን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያው ከ12 ሳምንት በታች መርፌው እንዲሰጥ አይመክርም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሊታለፍ አይገባም። ውርጃ ደርሶባት ለማንም ሳትናገር ቤቷ የቀረች ሴት ናት ብዙ ጊዜ የምትረሳው። በሚቀጥለው እርግዝናዋ «የመጀመሪያዬ ነው» ስለምትል ሐኪሙ አደጋውን አያየውም። የክትትል ባለሙያ ስለ ቀደመ እርግዝና ሲጠይቅ «ስንት ወልደሻል?» ብቻ ሳይሆን «የወረደብሽ አለ ወይ?» ማለት ያለበት ለዚህ ነው።

መርፌውን ማግኘትና ማቆየት

በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት ያለክፍያ ነው፤ አንቲ ዲ ግን በሆስፒታሉ ፋርማሲ ሳይኖር ሲቀር ቤተሰብ ከውጭ ይገዛል። ይህ ፍለጋ ከወሊድ በኋላ ሲጀመር ያስቸግራል። በድሬዳዋ ከቀዚራ ሰፈር እስከ ሳቢያን ፋርማሲ ሲጠየቅ ይመሻል፤ ማግስቱም እሑድ ወይም በዓል ሊሆን ይችላል። ከድሬዳዋ ሐረር የ50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስለሆነ በአንዱ ከተማ የጠፋው በሌላው ሊገኝ ይችላል። አዲስ አበባ ካለ ዘመድ ማስላክም አለ። ሁሉም የሚያዋጣው ግን ቀድሞ ሲታሰብበት ነው። በ34ኛው ሳምንት የት እንዳለና ዋጋው ስንት እንደሆነ አጣርቶ፣ በ36ኛው ገዝቶ ወይም ከፍሎ ማስያዝ ይገባል። የግል ተቋምም ቢሆን «እኛ ጋ አለ» ያለው ዛሬ መኖሩን እንጂ የወሊድ ዕለት መኖሩን አያረጋግጥም።

መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት፤ በረዶ መሥራት የለበትም። በድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ የቀን ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ስለሚደርስ ብልቃጡን በኪስ ወይም በፌስታል ይዞ መዞር ያበላሸዋል። በጣም የተለመደው ጥፋት ግን ተቃራኒው ነው። ሰው ለጥንቃቄ ብሎ የማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ወይም ብልቃጡን በቀጥታ ከበረዶ ጋር ያሽጋል። በረዶ የሠራ መርፌ ሲቀልጥ ጥርት ብሎ ቢታይ እንኳ አይታመንም፤ ይጣላል። ለጉዞ የክትባት መያዣ ሳጥን ይሻላል። ከሌለ ፈሳሽ ሆኖ የቀዘቀዘ ውሃ ባለበት ጠርሙስ መካከል በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ነው። መብራት በሚጠፋበት ቤት ከማስቀመጥ ይልቅ ጄኔሬተር ባለው ፋርማሲ ወይም ሆስፒታል አደራ ማለት ይበልጣል። ብልቃጡ ላይ የእናቲቱ ስም ይጻፍ፤ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑም ሲገዛ ይታይ።

ወሊዱ ያለፈ ዕለት

የልጁ ደም መመርመር የመጀመሪያው ሥራ ነው። እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ በእንግዴ ልጁ በኩል ያለው ጫፍ በጨርቅ ተጠርጎ፣ ደም በመርፌ ከደም ሥሩ ይሳባል። እትብቱን ጨምቆ ማንጠባጠብ ዝልግልጉን ነገር ከደሙ ጋር ስለሚቀላቅል የውሸት ቋጠሮ ያሳያል፤ ሳይጠረግ የተወሰደ ደምም ከእናት ደም ጋር ይቀላቀላል። አንዱ ናሙና ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ፣ ሌላው ቀይ ክዳን ባለው ቱቦ ይገባል። ቱቦው ላይ «የእገሊት ሕፃን» ተብሎ ካልተጻፈ ከእናትየው ናሙና ጋር ይምታታል። ከዚህ ናሙና የደም ዓይነት፣ ዳይሬክት ኩምብስ (ፀረ ደም በልጁ ሕዋስ ላይ መለጠፉን የሚያሳይ)፣ ሄሞግሎቢንና ቢጫነትን የሚያመጣው ቢሊሩቢን ይታያሉ።

ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ መርፌው ለእናትየው ይሰጣል። ለሕፃኑ አይሰጥም፤ ቢሰጠው የራሱን ደም ይሰብራል። በ28ኛው ሳምንት የወሰደችም ከወሊድ በኋላ ሙሉውን መጠን እንደገና ትወስዳለች። ልጁ ኔጌቲቭ ከሆነ አያስፈልግም። ልጁ ሞቶ ቢወለድ፣ ወይም ናሙናው ጠፍቶ ዓይነቱ ካልታወቀ፣ እንደ ፖዘቲቭ ተቆጥሮ ይሰጣል። በጡንቻ የሚወሰደው በክንድ የላይኛው ክፍል ይወጋል። በቂጥ ሲሰጥ ስቡ ውስጥ ሊቀርና ሥራው ሊዘገይ ይችላል። በደም ሥር የሚሰጠው ሌላ ዝግጅት ነው፤ በማሸጊያው ላይ ካልተፈቀደ በደም ሥር አይሰጥም። ከተወጋች በኋላ እናቲቱ ለ20 ደቂቃ ያህል ትቆያለች። ክንድ ላይ ሕመምና ቀላል ትኩሳት የተለመደ ነው፤ ከባድ አለርጂ እምብዛም ነው። ማጥባት አይከለከልም። ቀኑ፣ መጠኑና የብልቃጡ የምርት ቁጥር ካርዱ ላይ ይጻፋል።

ጊዜው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ከወለደች በኋላ ቶሎ ወደ ቤት የምትመለስ እናት፣ የገንፎው ድግስና የጎብኚው ብዛት ውስጥ ገብታ ሦስቱ ቀናት ያልፉባታል። ጤና ጣቢያ የወለደችን እናት ሳይመረመር ወይም ሳይወጋ ማሰናበት ትልቁ ክፍተት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በአራስ ቤት ስትጎበኝ መርፌው መወሰዱን ብትጠይቅ ይህን ታካክሳለች። ሦስቱ ቀን አልፎ ከሆነም ተስፋ አይቆረጥ፤ እስከ 10 ቀን ድረስ ቢሰጥም በከፊል ሊከላከል ይችላል።

አንድ 300 ማይክሮ ግራም የሚሸፍነው እስከ 30 ሚሊ ሊትር የልጅ ደም ነው። ከዚያ በላይ ደም የሚቀላቀልባቸው ወሊዶች ጥቂት ናቸው፤ ከሺህ ሦስት ያህል። እንግዴ ልጅ በእጅ ሲወጣ፣ ቀድሞ ሲላቀቅ፣ መንታ ሲሆን፣ ወይም በሆድ ላይ አደጋ ሲደርስ ግን ሊጨምር ይችላል። መጠኑን በእናት ደም ውስጥ የልጁን ሕዋስ ቆጥሮ የሚለይ ክላይሃወር የተባለ ምርመራ አለ። ካልተገኘ ሐኪሙ አጋጣሚውን አይቶ ተጨማሪ መርፌ ያዛል።

ደም መስጠትም ከመርፌው ጋር የሚያያዝ ነገር ነው። ኔጌቲቭ ሴት፣ ሕፃን ልጅም ብትሆን፣ ፖዘቲቭ ደም ከተሰጣት ፀረ ደም ልታበጅ ትችላለች። ወሊድ ላይ ደም ቢፈሳት ኔጌቲቭ ደም በቶሎ የሚገኘው ጥቂት ነው። እህትና ወንድሞቿ ኔጌቲቭ የመሆን ዕድላቸው ከሌላው ሰው ስለሚበልጥ ከወሊዱ በፊት ተመርምረው የሚለግሱት ቢታወቁ ይረዳል።

ፀረ ደም ቀድሞ ካለ

ኩምብስ ፖዘቲቭ ከወጣ መርፌው ጊዜው አልፎበታል፤ የሚቀጥለው ክትትል ነው። የፀረ ደሙ መጠን በየወሩ ይለካል፤ ከ24ኛው ሳምንት በኋላ በየሁለት ሳምንቱ። መጠኑ 1 ለ16 ሲደርስ (ደሟ 16 እጥፍ ተበርዞም ፀረ ደሙ ሲታይ)፣ ወይም ቀድሞ በሾተላይ የተጎዳ ልጅ ካለ፣ በአልትራሳውንድ በልጁ አንጎል ደም ሥር ውስጥ የሚፈሰው ደም ፍጥነት ይታያል። ፍጥነቱ ለእርግዝናው ዕድሜ ከሚጠበቀው መካከለኛ ልክ 1.5 እጥፍ ሲያልፍ ደም ማነስ ይጠረጠራል። ሆድ ውስጥ ላለ ፅንስ ደም መስጠት በልዩ ማዕከል የሚሠራ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ሪፈር ማሰብ ይመጣል። ሌላው አማራጭ የልጁ ዕድገት ሲፈቅድ ቀድሞ ማዋለድ ነው። ወሊዱ የብርሃን ሕክምናና ደም መቀየር በሚቻልበት ሆስፒታል እንዲሆን ይደረጋል። ቢጫነቱ የወረደለት ሕፃን ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም እስከ ሁለትና ሦስት ወር ሄሞግሎቢኑ በየሳምንት ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይለካል። የእናቱ ፀረ ደም በልጁ ውስጥ ስለሚቆይ በእነዚያ ሳምንታት ደም ማነሱ ዳግም ሊመጣ ይችላል። ሕፃኑ ጡት እየሳበ ሲደክም፣ ሲገረጣ ወይም ትንፋሹ ሲፈጥን ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።