ትራንስሂዩማኒዝም ምንድን ነው?

አርነ ላርሶን የሚባል ስዊድናዊ ነበር። ልቡ በቀን ውስጥ ደጋግማ ቀጥ ትልበት ነበር። በ1958 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሐኪሞች የልብ ምት የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ሰውነቱ ውስጥ ቀበሩለት። እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። መሣሪያው በሰዓታት ውስጥ ተበላሸ። በሌላ ተተካ፤ ያም በሌላ ተተካ። ሰውየው በዕድሜው ከ20 በላይ መሣሪያ ቀያይሯል። በ2001 ሲሞት 86 ዓመቱ ነበር። መሣሪያውን የሠራው መሐንዲስም፣ የቀበረለት ቀዶ ሐኪምም ቀድመውት ሞተዋል።

ላርሶን ፈላስፋ አልነበረም። መኖር ብቻ ነው የፈለገው። ግን የትራንስሂዩማኒዝም ነገር የሚጀምረው ከእንደዚህ ዓይነት ሰው ይመስለኛል።

ቃሉ ባጭሩ ይህን ይላል፦ የሰው ልጅ ተፈጥሮ ያሰመረችለትን ወሰን በቴክኖሎጂ ማለፍ ይችላል፣ ማለፍም አለበት። ወሰን ሲባል በሽታ አለ፣ እርጅና አለ፣ የማስታወስ አቅም አለ። ሞትንም የሚጨምሩ አሉ። "ይችላል" የሚለውን በቤተ ሙከራ መፈተን ይቻላል። ክርክሩ የሚጦፈው "አለበት" ላይ ነው።

ቃሉን በሰፊው ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጁሊያን ሃክስሊ ነው፤ በ1957 በወጣ መጣጥፉ። ሃክስሊ የዩኔስኮ የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ነበር። ይኸው ሰው ታዲያ የሰውን ዘር በምርጫ እናሻሽል የሚለው የዩጀኒክስ እንቅስቃሴ ደጋፊም ነበር። የብሪታንያን የዩጀኒክስ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ይህን የማነሣው ሐሳቡን በሰውየው ለማጣጣል አይደለም። "የተሻለ ሰው" ሲባል ብዙዎች የሚደነግጡት በከንቱ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። የተሻለ በማን ሚዛን?

ተስፋው ግን ወሬ ብቻ አይደለም። ኮክሊያር ኢምፕላንት የሚባለው ጆሮ ውስጥ የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ የተጎዳውን የውስጥ ጆሮ ክፍል ዘልሎ የመስሚያ ነርቭን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ያነቃቃል። በዓለም ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተተክሏል። በ2024 መጀመሪያ ኒውራሊንክ የተባለው ኩባንያ እጅ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው አንጎል ውስጥ ቺፕ ተከለ። ሰውየው በሐሳቡ ብቻ ኮምፒውተር ላይ ቼዝ ተጫወተ። ሲክል ሴል ለሚባለው የደም በሽታም በ2023 ዘረመልን በማረም የሚያክም መድኃኒት በብሪታንያና በአሜሪካ ተፈቅዷል። አሜሪካ ውስጥ የተቆረጠለት ዋጋ ለአንድ ታማሚ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዋጋውን አይታችሁ "ለማን ነው ታዲያ?" ብትሉ አልፈርድባችሁም።

"ይህ ሁሉ ሕክምና እኮ ነው፤ ወሰን ማለፉ የቱ ጋ ነው?" የሚል አይጠፋም። ብዙ ሰው የሚያሰምረው መስመርም ይኸው ነው። የጎደለውን መሙላት ይቻላል፣ በሙሉው ላይ መጨመር ግን አይቻልም። መስመሩ ያምራል። ችግሩ፣ መስመሩ እግር አለው፤ ባለበት አይቆምም። ክትባትን እንውሰድ። የሚከተበው ጤነኛ ሰው ነው። የሚያገኘውም ሲወለድ ያልነበረውን መከላከያ ነው።

ኦስካር ፒስቶሪየስ ደግሞ ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በታች የተቆረጡ ደቡብ አፍሪካዊ ሯጭ ነበር። (ስሙ በኋላ በወንጀል ተነሥቷል፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው።) በ2008 ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ከካርቦን የተሠሩት ሰው ሠራሽ እግሮቹ ያለ አግባብ ያግዙታል ብሎ አገደው። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት እገዳውን አነሣ። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ በ400 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ልብ በሉ፤ እግር የሌለው ሰው እግር ካላቸው በላይ ተጠቀመ ተብሎ ነው የተከሰሰው።

ሌላው ጉዳይ ፈቃድ ነው። በ2018 ሄ ጂያንኩይ የተባለ ቻይናዊ ተመራማሪ የመንትያ ሴት ልጆችን ዘረመል ገና ፅንስ ሳሉ እንደለወጠ ይፋ አደረገ። ኤችአይቪ እንዳይዛቸው ነው አለ። አባታቸው ቫይረሱ ነበረበት። ነገር ግን ከአባት ወደ ፅንስ እንዳይተላለፍ የሚያደርግ ሌላ የታወቀ መንገድ አለ። ልጆቹ የሚታከም በሽታ አልነበረባቸውም። አልተጠየቁምም፤ ሊጠየቁም አይችሉም። ለውጡ ወደ ልጆቻቸው ሊሻገር ይችላል። ተመራማሪው 3 ዓመት ተፈረደበት። እዚህ ላይ መሃል ሰፋሪ አይደለሁም፤ ጥፋት ነበር ባይ ነኝ።

ትራንስሂዩማኒዝም ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ዘላለማዊ ሕይወት ይሄዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በጣም ያነሰ ነገር ነው፤ ጥገና። የኒውራሊንኩን ቺፕ ተመልከቱ። በሳምንታት ውስጥ አንጎል ውስጥ ከገቡት ቀጫጭን ክሮች ብዙዎቹ ተንሸራተው ወጡ። ኩባንያው ሶፍትዌሩን አስተካክሎ ችግሩን አቃለለው። ኩባንያው ባይኖርስ?

ይህ በሌሎች ላይ ደርሷል። ሰከንድ ሳይት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ አርገስ 2 የሚባል ሰው ሠራሽ የዓይን መሣሪያ ነበረው። መነጽር ላይ ያለች ካሜራ ያየችውን ዓይን ውስጥ ወደተተከሉ 60 ኤሌክትሮዶች (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ጥቃቅን ጫፎች) ትልካለች። ማየት ያቆሙ ሰዎች ብርሃንና ጥላን፣ የበርን ቅርጽን መለየት ጀመሩ። ከ350 በላይ ሰዎች ተተክሎላቸዋል። ኩባንያው በ2019 ማምረቱን ተወው። በ2020 ሊከስር ጫፍ ደርሶ አብዛኛውን ሠራተኛ አሰናበተ። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ሲበላሽ መለዋወጫውን ራሳቸው ያፈላለጉ አሉ። ላርሶን ከ20 በላይ ጊዜ የሚቀይርለት አላጣም። ከአርገስ ተጠቃሚዎች አንዳንዶቹ ግን ዓይናቸው ውስጥ የማይሠራ መሣሪያ ይዘው ቀርተዋል፤ ለማስወጣት ደግሞ እንደገና ቀዶ ሕክምና መግባት አለባቸው።