በቦርከና ወንዝ ለዱር እንስሳት ውኃ የመልቀቅ ዕቅድ

ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነሥቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፤ ተፋሰሱ የአዋሽ ነው። ጨፋ የውኃ ወፎች መኖሪያ ሲሆን፣ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮችም በበጋ ከብቶቻቸውን ያሰማሩበታል። ስለዚህ ከላይ በግድብ ወይም በመስኖ ጠለፋ የሚያዘው ውኃ የረግረጉን ሕይወት በቀጥታ ይነካል። ለወንዙ ሕይወት ሲባል ከተያዘው ላይ በመጠን፣ በጊዜና በፍጥነት ተወስኖ የሚለቀቀው ውኃ የተመጠነ ልቀት ይባላል።

ዕቅዱ «ስንት ውኃ አለን?» ብሎ ሳይሆን «የትኛው እንስሳ፣ በየትኛው ወር፣ ምን ዓይነት ውኃ ይፈልጋል?» ብሎ ቢጀምር ይሻላል። አምባዛ የተባለው ዓሣ ዝናብ ሲገባ አዲስ ውኃ የሸፈነው ሣር ውስጥ ይራባል። ቢልጫ የተባለው ዓሣ ደግሞ ደለል ያልደፈነው ንጹሕ ጠጠርና የሚፈስ ውኃ ይሻል። ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ጥልቀት የሌለው ውኃ ይመቻቸዋል፤ ጎጇቸው መሬት ላይ ከሆነ ግን ድንገተኛ ሙላት እንቁላሉን ይወስደዋል።

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። በሰከንድ 2 ሜትር ኩብ ውኃ ለ48 ሰዓት መልቀቅ 345,600 ሜትር ኩብ ይፈጃል። በበጋ ይህን ያህል የሚያወጣ ትንሽ ግድብ ማግኘት ከባድ ነው። የዓመቱን አማካይ ፍሰት 10 በመቶ ለወንዙ መተው የሚለው የታወቀ መነሻም እዚህ ብቻውን አይበቃም፤ አብዛኛው ውኃ በክረምት ስለሚወርድ አማካዩ የግንቦትን ጥም ይደብቀዋል። መጠኑን በየወሩ መለየት ያስፈልጋል።

ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚደርሰው የግድቡ በር ሲዘጋ ነው። ውኃው በአንድ ጊዜ ከቀነሰ ጫጩት ዓሣ በኩሬና በጠጠር መሐል ተይዞ ይቀራል። በሌሎች አገሮች የሳልሞን ወንዞች የውኃው ከፍታ በሰዓት ከ2.5 ሳንቲሜትር ገደማ በላይ እንዳይወርድ ይጠነቀቃሉ፤ ለቦርከና የሚስማማው ልክ በቦታው መለካት አለበት። ከግድብ ሥር የሚወጣ ውኃም ቀዝቃዛና ኦክስጅን ያነሰው ሊሆን ይችላል፤ በሊትር ከ5 ሚሊግራም በታች ሲሆን ብዙ ዓሣ ይጨነቃል። አምባዛ ከላይ አየር ስቦ ስለሚተነፍስ የእሱ መትረፍ የወንዙ ጤንነት ማስረጃ አይሆንም።

የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ወደ ወንዙ ይገባል። ልቀትን ፍሳሽ ማቅጠኛ ማድረግ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ፍሳሹ ከምንጩ ካልተጣራ የመጀመሪያው ሞገድ በወንዙ ወለል የተቀመጠውን ጭቃ ቀስቅሶ ወደ ጨፋ ይወስደዋል።

ሌላው ችግር ውኃው መንገድ ላይ ማለቁ ነው። የተለቀቀውን የመስኖ ፓምፖች ከሳቡት ረግረጉ ጠብታም አያገኝም። ስለዚህ የልቀቱ ቀን ውኃውን በተራ ከሚያካፍሉት የየመስኖው የውኃ አባቶች ጋር አስቀድሞ ይወሰናል፤ በእነዚያ ቀናት ጠለፋዎች ተዘግተው ገበሬው ተራውን በፊት ወይም በኋላ ያገኛል። የከፍታ መለኪያ እንጨት አንዱ ከኮምቦልቻ በታች፣ ሌላው ከጨፋ መግቢያ ይተከላል፤ የሁለቱ ንባብ ወደ ፍሰት መጠን ተቀይሮ ሲነጻጸር በመካከላቸው ምን ያህል ውኃ እንደጠፋ ያሳያል።