«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች»፦ ተረቱ ስለማን ነው?

ይህን ተረት ያልሰማ አለ ብዬ አላምንም። ብዙ ጊዜ የሚወረወረው አንድ ልጅ ጓደኛ ቀይሮ አነጋገሩም አመሉም ሲለወጥ ነው። ትርጉሙም «መጥፎ ጓደኛ ያበላሻል» ተብሎ ይታለፋል። ስህተት አይደለም፤ ግን ተረቱ ከዚያ በላይ ብልህ ነው።

መነሻው የእረኛ ኑሮ ነው። ላሙም በሬውም አህያውም አንድ መስክ ላይ ይውሉና ማታ አብረው ይገባሉ። አህያ ሲሮጥም ሲጫንም ፈሱን አይቋጥርም። ጊደሯ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። የምታመሰኳ እንስሳ ስለሆነች ሣሩ የሚብላላው በጨጓራዋ ውስጥ ነው፤ ጋዙም በአብዛኛው የሚወጣው በአፏ ነው፣ እያገሳች። አህያ አያመሰኳም። የበላው ሣር የሚብላላው ወደ ኋላ፣ በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀልዱ ዝም ብሎ ብልግና አይደለም፤ ጊደሯ የተማረችው ተፈጥሮዋ ያልሆነውን ነው። አህያውማ ቢፈሳ ምን ይገርማል፣ አህያ ነዋ!

ደግሞ ጊደር ናት፤ ገና ያልወለደች፣ ያልጠናች። ማንም አላስገደዳትም። አብራ ዋለች፣ በቃ። መለወጧን የሚያዩት ቤት የቀሩት ናቸው እንጂ እሷ ልብ አላለችውም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

«እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» ከሚለው ጋር አስተያዩት። አጎንባሹ ማጎንበሱን ያውቃል። አለቃው ሲስቅ ይስቃል፣ ቤቱ ሲገባ ቀና ይላል። ጊደሯ ግን የተማረችውን ይዛ ነው ቤት የገባችው።

ሁለቱንም ዓይነት ሰው ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ባደረገው ሙከራ አግኝቷቸዋል። የኮሌጅ ተማሪዎችን ሰብስቦ መስመሮች ያሳይና የትኛው ከናሙናው ጋር እኩል እንደሆነ ይጠይቃል። ጥያቄው በጣም ቀላል ነው፣ ለብቻው የተጠየቀ ሰው አይስተውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከአንዱ ተማሪ በቀር ሌሎቹ አስቀድመው የተመከሩ ናቸው፤ በየመሃሉ ሆን ብለው በአንድ ድምፅ የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ምንም የማያውቀው ተማሪ በእነዚህ ዙሮች ከሰጣቸው መልሶች ሲሶ ያህሉ እነሱን የተከተሉ ነበሩ። ከ4 ሰው 3ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከትለዋል። በኋላ ሲጠየቁ ከፊሎቹ ልዩ ሆኖ መታየትን ፈርተው እንደሆነ ተናገሩ፤ ሌሎቹ ግን የገዛ ዓይናቸውን ተጠራጥረው ነበር። የመጀመሪያዎቹ አጎንባሾች ናቸው፣ ሁለተኛዎቹ ጊደሮች።

ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ደግሞ ቀላል ነው። መጀመሪያ ላለመገለል ብለህ በማያስቀው ትስቃለህ፣ ከዚያ የማትወደውን እንደምትወድ ታወራለህ፣ ሰው ሁሉ በዚያ ያውቅሃልና ማፍረሱ ያሳፍራል፣ ትቀጥላለህ፣ አንድ ቀን «አንተስ ምን ትመርጣለህ?» ስትባል መልሱ ይጠፋብሃል። ማንም እኮ አላስገደደህም።

አሽ ከተመከሩት አንዱን ብቻ እውነቱን እንዲናገር ሲያደርግ ግን ተከታይነቱ ክፉኛ ቀነሰ። ብዙ ደጋፊ አላስፈለገም፣ አንድ ሰው በቃ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ልጅ የራሱን ሐሳብ ባመጣ ቁጥር ይህን ተረት የሚመዝ ቤተሰብ አለ። ከውጭ የተማረው ሁሉ ፈስ ነው እንዴ? «እንደኛ ሁን» ማለትም እኮ ያው ግፊት ነው፣ ከቤት ስለመጣ አይቀየርም። ልጁ ወደ ራሱ እየተጠጋ ይሁን ከራሱ እየራቀ ሳያዩ ተረቱን መወርወር ያለቦታው መጠቀም ነው።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ ትልቅ ሰው ፊት ወይም ስብሰባ ላይ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር...» ብሎ ማቆም ይበቃል። የቀረውን ሰሚው ይሞላዋል።